ሞቴን የሚናገርልኝ ሰው

የእድራችን ዳኛ ስልክ ደውለው «እስቲ እሁድ ብቅ በል፤ አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ?» ሲሉኝ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እናቴን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። ድንኳን ያስተከሉት፣ ለቀስተኛውን ያስተናገዱት፣ አስከሬኗ ከሆስፒታል ሲወጣ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበቴን ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው። እሺ ያልኩት ግን ለውለታ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። እኔም የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ አባል መሆን።

በእኛ እድር ደንብ አባል የሚሆነው ቤት ነው። እናት በሕይወት እያለች ያላገባ ልጅ በእሷ ስም ይታቀፋል። እሷ ስትሞት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጅየው በራሱ ስም መመዝገብ አለበት። እኔ አልተመዘገብኩም። መጀመሪያ ሐዘኑ ነበር፣ ቀጥሎ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ከዚያ መሪ የሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ እህት ወንድም አልተፈጠረልኝ። የሚያጣድፈኝም ሰው አልነበረም።

ዳኛው ከመደወላቸው በፊት በነበረው ክረምት ታይፎይድ ያዘኝ። ውሃ ለመቅዳት እንኳ ግድግዳ እየያዝኩ ነበር የምሄደው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ እሰማለሁ፤ እግሩ በሬ ጋ ይደርሳል፣ ያልፋል። ከመሥሪያ ቤት አንድ ሰው ደውሎ የአንዱን ማሽን ፓስወርድ ጠይቆኝ «እሺ፣ ይማርህ» ብሎ ዘጋው። እና አሰብኩ፤ እኔ እዚህ ብሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? መልሱ ሽታው ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ግን ልክ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ከዚያ በኋላ ያ ሐሳብ ከላዬ አልወርድ አለ። ታክሲ ስሳፈርም፣ መገናኛ ቢሮዬ ተቀምጬ ሰርቨር ስጠግንም አብሮኝ ነው። መቀበር ፈለግሁ። በወጉ፣ ስሜ ተጠርቶ፣ ሰው ቆሞልኝ።

እሁድ ሄድኩ። የእድሩ ቤት የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ታክሲው የሚያደርሰው አስፋልቱ እስኪያልቅ ነው፤ የቀረው በእግር ነው። የታችኛው ሰፈር እንዳለ ፈርሷል። የእናቴ ቤት የነበረበት በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩት ውስጡ ሣር በቅሎበታል። እኔ ግን በቀዳዳ አላየሁም፤ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። የእድሩ ቤት ከፍ ብሎ ስላለ ለጊዜው ተርፏል። ረጅም የጭቃ ክፍል ነው፤ ግማሹን ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰታቴውና ብረት ድስቱ ሞልቶታል። ከተራራው የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር እየገባ ቁርጭምጭሚት ይይዛል።

ዳኛው አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጸሐፊዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ጸሐፊዋ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ነገሩን የጀመሩልኝ እሳቸው ናቸው። ከአባሎቻችን አንዷ ቤቷ ሲፈርስ ብቻዋን ኮንዶሚኒየም ገብታ ነበር። እዚያው ሞተች። የብሎኩ ሰዎች እድር እንዳላት በምን ይወቁ? ዘበኛውና ሁለት ጎረቤት ሆነው ቀበሯት። እድሩ የሰማው አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው።

«ድንኳኑ እዚሁ ተጠቅልሎ!» አሉ ዳኛው፣ በከዘራቸው ወደ ጥግ እያመለከቱ። «ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ስትደርስ ኖራ፣ ለእሷ ማንም አልደረሰላትም። እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«ድሮ ጡሩንባ ነበር» አሉ እትዬ። «አሁን እሱ የሰፈሩን ጫፍ አያልፍም። ጡሩንባ ነፊያችንን ስወቅሳቸው ምን አሉኝ? "እኔ ከዚህ ብነፋ መሪ ይሰማል እንዴ?" እውነታቸውን ነው እኮ።»

የፈለጉት ቀላል ነው። የተበተኑት አባሎች በሙሉ አንድ ቦታ ይመዝገቡ፤ ሰው ሲሞት ለሁሉም በስልካቸው መልእክት ይድረስ። ግን አስቀድሞ ሞቱን ለእድሩ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ነጋሪ ያስመዝግብ፤ ነጋሪ ማለት አጠገቡ የሚኖር፣ በሩን የሚያይ፣ ቢሞት ለእድሩ የሚደውል ሰው።

«ነጋሪ የሌለው አባል አይመዘገብም» አሉ ዳኛው። «ዳኛም ቢሆን። ይኼን ያ ሳጥንህ ውስጥ አጥብቀህ ክተተው፤ እኛ ብንለማመጥህ እንኳ እንዳይለቅ አድርገህ።»

«ይቻላል ጋሼ» አልኩ። ይቻላልም። መዝገቡን ለሚይዘው ፕሮግራም፣ ለዳታቤዝ፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማዘዝ በጣም ቀላል ነው።

ኮምፒውተሩ ከአንድ ቢሮ ሲወገድ የአባል ልጅ ያመጣው ነው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ውስጡ ያለውን ቫይረስ ሁሉ ጠርጌ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫንኩበት። ሥዕልና መስኮት የሌለውን፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየውን ነው የመረጥኩት፤ ለዚያ ምስኪን ማሽን ያ ይበቃዋል። እትዬ ስክሪኑን አይተው ደነገጡ።

«ተበላሸ?»

«አይ እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ሥዕሉስ?»

«ሥዕል የለውም። ትእዛዝ እንጽፍለታለን፣ ይመልሳል።»

«እንደ ድሮ አለቃዬ ነው በለኛ» አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ።

እዚያ ቤት ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ከቢሮዬ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ልጭነው ስል «ያለ እገሌ ፕሮግራም አልገባም» አለ። እገሌን ለማምጣት እስከሚቀጥለው እሁድ መጠበቅ ነው። እገሌን አመጣሁት፤ እሱ ደግሞ ሌላ እገሌ ይፈልጋል። የሚፈላለጉትን ሁሉ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቅሜ ሳመጣ ደግሞ አንደኛው ዕድሜው አልገጠመም፤ አሮጌውን ነው የምፈልገው አለ። ተናደድኩ። ኪቦርዱን መታሁት።

«ሽማግሌ መሰብሰብ እኮ እንዲሁ ነው» አሉ ዳኛው ከበሩ ላይ። «አንዱ ካልመጣ ሌላው አይቀመጥም። ቀስ በል።»

እውነት ለመናገር እነዚያን እሁዶች መጥላት ሲገባኝ ወደድኳቸው። ሽማግሌዎቹ ውጪ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ስለ ካሳ፣ ስለ ምትክ ቦታ፣ ስለ ማን ወዴት ሄደ ያወራሉ። እኔ ውስጥ ከድስቶቹ ጋር ብቻዬን ነኝ፤ ድምፃቸው ግን ይደርሰኛል። አንዳንዴ ስሜን ጠርተው «የእናቱ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ» ሲሉ እሰማለሁ። መሪ ያለው ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም። ቅዳሜና እሁድ ሬዲዮ ካልከፈትኩ አፌን ሳልከፍት ሰኞ ይደርሳል። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስል ድምፄ ይሻክራል፤ ጉሮሮዬን መጥረግ አለብኝ።

ዳታቤዙ ገባ። መጀመሪያ የእድሩን ስም በአማርኛ ጻፍኩለት። አልቀበልም አለ! ይህ ፊደል በእኔ ዘንድ አቻ የለውም የሚል መልስ ሰጠኝ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ስጭነው ቸኩዬ የፈረንጅ ፊደል ብቻ በሚያውቅ ልማድ ነበር ያስጀመርኩት። ያ ነገር ከተመሠረተ በኋላ አይጠገንም። አፈረስኩት፣ የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚያውቀው መንገድ እንደገና መሠረትኩት። ሁለተኛ ስጽፍ ስሙ እንዳለ ተመልሶ መጣ። እትዬ ጮክ ብለው አነበቡትና አጨበጨቡ።

ከዚያ ሰንጠረዦቹን ሠራሁ። አንዱ የቤቶች ነው፣ ሌላው የሰዎች፤ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ቤት መሆን አለበት፣ ቤት የሌለው ሰው አይገባም። ለየቤቱ የማይደገም መለያ ያስፈልጋል። እኔ ብልጥ ነኝና የብሎክና የበር ቁጥራቸውን መለያ አደረግሁት። የመሪው አባል ገባ። የሲኤምሲ አካባቢው ሲመጣ «ይኼ ቤት አለ» ብሎ መለሰው። ለካ በየሳይቱ ያለው ብሎክና በር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው! የድሮውን የቀበሌ ቤት ቁጥር እንጠቀም ስል ደግሞ ዳኛው ሳቁብኝ። «የፈረሰ ቤት ምን ቁጥር አለው?» አሉ። በመጨረሻ ከማንም ቤት ጋር የማይገናኝ፣ ማሽኑ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር ሆነ።

ማን እንደሚገባና ከየት እንደሚገባ የሚወስን አንድ ፋይል አለ፤ እዚያ ላይ ለእትዬ ስም ከፈትኩ፣ የሚስጥር ቃል ሰጠኋቸው። መጻፍና ማረም ይችላሉ፤ መሰረዝ አይችሉም። ሰው ሲሞት ከሰንጠረዡ አይጠፋም፣ የሞተበት ቀን ይሞላለታል እንጂ። እትዬ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ አድርገሃል። የሞተ ሰው አይሰረዝም» ብለው ወደ ውጪ አዩ። ባላቸውን የቀበሩት በዚያ ዓመት ነበር።

አንድ እሁድ እየመዘገብን መብራት ድርግም አለ። ዳኛው «አበቃለት!» ብለው ጮኹ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እንደ ልማዱ እየጮኸ ተነሳ፤ አጽድቀን ያስገባነው ሁሉ አለ፣ በመሃል የተቋረጠው ብቻ የለም። ግማሽ ሰው አይመዘግብም አልኳቸው፤ ወይ ሙሉውን፣ ወይ ምንም። በጣም ደስ አላቸው። ለሚመጣው አባል ሁሉ እሱን እየደጋገሙ ይነግሩ ነበር።

አባሎቹ ከየተበተኑበት እየመጡ ተመዘገቡ። ከአያት የመጡ፣ ከሲኤምሲ የመጡ፣ ከዚያው ከእንጦጦ ሥር ያልተነሱ። ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፣ ይላቀሳሉ፣ «ከሳሽ፣ ወፈርክ» ይባባላሉ። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ እጠይቃለሁ፣ እትዬ ይጽፋሉ። መጀመሪያ የገጠመን ችግር ነጋሪ ላይ ነው።

«ነጋሪዎ ማን ነው ጋሼ?» አልኳቸው አንዱን ሽማግሌ።

«እኔ ነኛ።»

«አይ፣ እርስዎ ሲሞቱ የሚደውለውን ነው።»

«እኮ እኔ ነኝ። ስልኬን ጻፈው፤ ከኪሴ አይለይም።»

«ታዲያ ሞተው እንዴት ይደውላሉ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «አይዞህ፣ ሲብስብኝ ቀደም ብዬ እደውላለሁ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ከዘራቸውን ጣሉ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ደህና፤ ስናይ ግን ከመጣው ሰው ብዙው የራሱን ስልክ ነው ያስመዘገበው። ሰው ማስቸገር ሆኖበት ነው፤ «ጎረቤቴን በምን አፌ እንዲህ ብዬ ልጠይቅ፣ ሟርት ይመስላል» ይላሉ። ዳኛው ተቆጡ። «እንዳይቀበል አድርገው!» አሉኝ። አደረግሁት። የነጋሪው ስልክ ከአባሉ ስልክ ጋር አንድ ከሆነ መልስ፣ ባዶ ከሆነም መልስ ብዬ አዘዝኩት። ከዚያ በኋላ የመጡት እየተመለሱ ሄደው ነጋሪ ፈልገው ይመጡ ጀመር። አንዷ ወይዘሮ ጎረቤታቸውን እጇን ይዘው ነው ያመጧት፤ «ይቺውና፣ እሷ ነች የምትናገርልኝ» ብለው አቆሟት። ሳቅኩባቸው። እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅኩት።

ሰዉ ተመዝግቦ ሲያልቅ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

«በል አሁን ያንተን እንጻፍ። እናትህ ነፍሷ ደስ ይላታል።»

ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብኩና ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም። ብሎክ፣ በር፣ ስልክ። ነጋሪ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ሳላዝዘው የራሴን ስልክ ጻፈ። ማሽኑ መለሰው። ባዶ ተውኩት። መለሰው።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ።

«ነጋሪ ይፈልጋል።»

«ስጠዋ ታዲያ።»

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው። የዚያ ማሽን ጌታ እኔ ነኝ፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ በአንዲት መስመር ላነሳው የምችለውም እኔ። ትእዛዙን ሁሉ ጻፍኩት፤ የማስገቢያ ቁልፏን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ወይም የሌለ ሰው ስም ልፈጥር እችላለሁ። ውሸት መሆኑ የሚታወቀው መቼ ነው? ስሞት ነዋ። ያን ጊዜ ማን ይከሰኛል? ግን እኔ የፈለግሁት መመዝገቡን አይደለም፤ የሚያውቅልኝ ሰው ነው። የጻፍኩትን አጠፋሁት።

እትዬ ገብቷቸዋል። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «የእኔን ጻፍ እንዳልልህ፣ እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ። በምን አውቄ ነው? እሁድ ሳትመጣ በቀረህ ቁጥር ሞተ ብዬ ላስለፍፍ?»

ለመሳቅ ሞከርኩ።

«ጎረቤት የለህም እንዴ ልጄ?»

«አለኝ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ከበሬ ትይዩ በር አለ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጠይቀህ እሁድ ይዘህ ና» አሉና ማሽኑን እንዳጠፋው አዘዙኝ።

ዳገቱን ስወርድ እንጦጦ ላይ ደመና ተኝቶ ነበር። መገናኛ ባቡሩን ተሳፍሬ ቆሜ እየሄድኩ ሰው ፈለግሁ፤ በጭንቅላቴ ውስጥ ነው የምፈልገው። የቢሮ ሰዎች? ብቀር ለሳምንት ፈቃድ ወጣ ይላሉ፤ ቀጥሎ ሰርቨሩ ሲበላሽ ይረግሙኛል። የሱቁ ሰውዬ? ዳቦና እንቁላል የምገዛ ሰው መሆኔን ያውቃል፣ የት ብሎክ እንደምገባ አያውቅም። ዘበኞቹ ይቀያየራሉ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ አግብተው ወልደው ስልካቸውን ቀይረዋል፤ ወይም እኔ ቀይሬያለሁ። ባቡሩ ሰው በሰው ላይ ሆኖ አንዱ በክርኑ ጎኔን እየወጋኝ፣ አንዷ ዘንቢሏን እግሬ ላይ አስቀምጣ፣ እኔ አንድ ሰው አጣሁ። እንዲህ ሆድ ብሶኝ አያውቅም። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፤ ያን ጊዜ ሰው ነበረኝ።

ከእኔ በር ትይዩ የምትኖረው ሴት እኩያዬ ትሆናለች። ብቻዋን ናት። ጴንጤ ናት፤ ጠዋት ጠዋት የምትዘምረው በኮሪደሩ ይሰማኛል፣ እሁድ መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ይዛ በጠዋት ትወጣለች። ወደዚያ ሕንፃ የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነው ወንድሜ?» ትለኛለች፤ «ሰላም ነው እህቴ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ውሃ ጠፍቶ ከታች ጀሪካን ስትጎትት አግዣት ነበር። «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» አለች። «አሜን» አልኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን የተነጋገርነው ይኸው ነው።

በሯ ፊት ቆምኩ። የእኔ በር ከጀርባዬ ነው፤ ገብቼ ብዘጋው ማንም አያየኝም። ጫማዬ የየካን ጭቃ ይዞ ስለመጣ ምንጣፏ ላይ እንዳልረግጥ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ አንኳኳሁ።

ከፈተች። በአንድ እጇ ካውያ ይዛለች፤ ከኋላዋ ጠረጴዛ ላይ ነጭ የመዘምራን ልብስ ተዘርግቷል።

«ውይ፣ ወንድሜ! ደህና ነህ? ምነው፣ ውሃ ሄደ?»

«አይ። ደህና ነኝ። ይቅርታ እህቴ፣ ሥራ አስፈታሁሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።»

«እሺ፣ ምን?»

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በኖ ጠፋ። «እኔ የሞትኩ እንደሆነ…» አልኩ።

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ካውያውን ወደ ላይ አነሳችው። «ምን ሆነሃል? አሞሃል?»

«አላመመኝም! አላመመኝም፣ እውነቴን ነው። የእድር ነገር ነው።»

አስረዳኋት። እየተንተባተብኩ፣ ፊቴ እየጋለ። ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ዳኛው፣ ብቻዋን ስለተቀበረችው ሴት፣ ከራሴ ሌላ የምጽፈው ስልክ ስለማጣቴ። ብዙ አወራሁ፤ ያን ያህል ካወራሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። እሷ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ኋላ ፈገግታው ጠፋ። ካውያውን ሄዳ አስቀመጠችና ተመልሳ በሩ መቃን ላይ ተደገፈች።

«ምንድን ነው የማደርገው?» አለች ቀስ ብላ።

«ምንም። በሬ ሳይከፈት ከቆየ ታንኳኪያለሽ። ካልመለስኩ ሰው ትጠሪያለሽ። ከሞትኩ ለእድሩ ትደውያለሽ፤ ቁጥሩን እሰጥሻለሁ። ሌላውን እነሱ ያደርጉታል።»

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች። ወዲያው ነው ያለችው፤ ማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልወሰደችም።

ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። የእድሩን ቁጥር ነገርኳት፣ መዘገበች። «ያንተንም ስጠኝ» አለች፤ ሰጠኋት፣ ጻፈች። ከዚያ አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ ስልኩን አየች፣ ፊቷ ቀላ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ እሁድ እትዬ «ነጋሪህ ማን ትባላለች?» ቢሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

«እደውላለሁ ወንድሜ፣ በጌታ እደውላለሁ» አለች። «ግን… ማን ሞተ ልበላቸው?»